አያ ቸኮል ማማውን ሲያወርድ

«ያ ቡዳው ሞተ አሉ።»

ይህን የነገረኝ ሉማሜ ሻይ ቤት ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የድሮ ሰፈሬ ሰው ነው። ክፋት የለበትም። ዳቦውን በሻይ እያራሰ ስለ ዝናቡና ስለ ስንዴው ሲያወራኝ ቆይቶ፣ አውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ ብድግ እያለ ትዝ ብሎት ነው የተናገረው። እኔ ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ብዙ ዘመን ስለሆነኝ የአገር ቤት ወሬ የሚደርሰኝ እንዲህ በመንገድ ላይ ነው።

«የትኛው ቡዳ?» አልኩት፣ የትኛው እንደሆነ እያወቅሁ።

«ቸኮል ነዋ፣ ቀጥቃጩ። በተኛበት አረፈ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው» አለኝና ወደ አውቶቡሱ ሮጠ።

አለቀስኩ። ሽማግሌ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ደስ አይልም፤ አስተናጋጇ ልጅ መጥታ «አባባ፣ ሻዩ አቃጠለዎት?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

እንግዲህ ስለዚህ ሰው ልጻፍ ብዬ ስነሳ በመጀመሪያ የቸገረኝ አጠራሩ ነው። «እሳቸው» ልል አሰብኩና ተውኩት። ሃያ ዓመት የሚበልጠኝን ሰው አገሩ ሁሉ «አንተ» ሲለው እኔም «አንተ» ስለው ኖሬ፣ ዛሬ ከሞተ በኋላ «አንቱ» ብለው ይስቅብኛል። የእኔ ትሕትና «አያ ቸኮል» ማለቴ ብቻ ነበር። እሱም በፈንታው «መሪጌታ» ይለኝ ነበር፤ ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጬ ሳልጨርስ መውጣቴን አሳምሮ እያወቀ።

ቸኮል ስሙ ብቻ ነው። እንደሱ የማይቸኩል ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ሰላምታ ሲሰጡት እንኳ እህል እንደሚመርጥ ሰው አስቦ ነበር የሚመልሰው። ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቅንድቡ በእሳት ተለብልቦ ያለቀ ነበር። ቅንድብ ስለሌለው ዓይኖቹ ትልልቅ ሆነው ይታያሉ፤ ይህ ደግሞ ለስሙ አልበጀውም።

ስሙ ስል ሌላውን ስሙን ነው። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ማረሻ የሚሠራልህ፣ ማጭድ የሚስልልህ፣ ግን አብረኸው እህል የማትቀምሰው ሰው ነበር። ዓይኑ ይበላል ይባላል። እናቶች እሱ ሲያልፍ ልጆቻቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ፤ በማግስቱ ደግሞ የደነዘ ምሳር ይዘው ደጁ ይቆማሉ። አያ ቸኮል ይህን ሁሉ ያውቃል። ቡዳ አይደለሁም ብሎ ቄሱ ፊት መስቀል ጨብጦ ምሎ ነበር። ሰዎቹ መሐላውን ሰምተው፣ እሺ ብለው፣ ልጆቻቸውን መሸፈን ቀጠሉ።

ጣልያን ከደጀን ወደ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ ሲያወጣ ከመንደራችን በላይ ካለው ኮረብታ ሥር ድንጋይ መፍጫ ተከለ። አራት እግር ያለው የብረት ማማ ነው። አናቱ ላይ ጎተራ የሚያህል የብረት ሣጥን አለ፤ ድንጋዩ የሚጫነው እዚያ ነው። መሐሉ ላይ መንጋጋ የምንለው ከባድ ብረት ተቀምጧል፤ ከላይ የወረደለትን ድንጋይ አኝኮ ጠጠር አድርጎ ይተፋል። ከጎኑ ሞተሩና የናፍታ በርሜሎቹ አሉ። ከየቤቱ አንዳንድ ሰው ለሥራ ይውጣ ሲባል ከእኛ ቤት እኔ ወጣሁ። አያ ቸኮል ግን ተመርጦ ነው የተወሰደው። ጣልያን ቀጥቃጭ ብረት ያውቃል ማለትን እንጂ ሰው ይበላል ማለትን አልሰማም ነበር። የጣልያኑ መካኒክ ከአያ ቸኮል ጋር ከአንድ ሳህን ሲበላ አየንና መቼ እንደሚሞት ስንጠብቅ ሁለት ሳምንት ቆየን። ሰውዬው እንዲያውም ወፈረ።

ማማው ሲተከል አያ ቸኮል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይመለከት ነበር። እኔ ይጸልያል ብዬ ነበር። በኋላ እንደነገረኝ የብረቶቹን ተራ እያጠና ነው። ፊደል ስለማያውቅ ማማውን የሚሸከሙትን ሠላሳ ዋና ዋና ብረቶች በወሩ ቀኖች ስም ጠራቸው። መጀመሪያ የቆመው እግር ልደታ ተባለ፤ አምስተኛው አቦ፣ አሥራ ሁለተኛው ሚካኤል፣ እያለ እያለ ሠላሳኛው፣ ያ አናቱ ላይ የተቀመጠው ሣጥን፣ ማርቆስ ሆነ። የወሩን ቀን በታቦት የማይቆጥር ገበሬ ስለሌለ ነገሩ ለማንም የሚገባ ነበር። ቅኔ ቤት ለነበርኩት ለእኔ ግን ሐሳቡ አልመጣልኝም።

«ለምን ይጠቅምሃል?» አልኩት።

«ይኸ ሰውዬ አንድ ቀን አገሩ ይገባል» አለኝ ወደ ጣልያኑ በአገጩ እያሳየ። «ይኸን ግን ተሸክሞ አይሄድም። ማውረዱ ለእኛ ነው። የወጣበትን ተራ ያላወቀ ሰው ሊያወርደው ሲል ይሞትበታል።»

ቀኑ ከጠበቅነው ቶሎ መጣ። አርበኛው ዙሪያውን ሲያስጨንቀው ጣልያን አንድ ማለዳ መኪኖቹን አስነስቶ ደብረ ማርቆስ ምሽግ ገባ። ሞተሩን ወሰደ፤ ማማውንና በርሜሎቹን ግን ተዋቸው። አገሩ ገና በጠላት እጅ ነው፤ በማንኛውም ቀን ሊመለስ ይችላል። እኛ ደግሞ ብረት ቸግሮናል። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ገበያ ላይ ብረት ጠፍቶ የየሰዉ ማረሻ አልቆ አልቆ ጣት አክሏል። ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል። በጣት ደግሞ መሬት አይታረስም።

የመንደሩ ሰው ማማው ሥር ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጭቃ ሹም ይርዳው ነው። ይርዳው በጣልያን ጊዜ ጭቃ ሹም ነበር፣ አርበኛው ሲመጣም ጭቃ ሹም ነበር፣ ሰማይ ቤትም ሳይሾም አይቀርም። የሚካኤል ጽዋ ማኅበራችንም ሙሴ፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ፣ እሱ ነው። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ነን፤ እኔ በሟች አባቴ ቦታ ገብቼ አሥራ ሁለተኛው ነኝ።

«አሥር ጥማድ በሬ እንጠምዳለን» አለ ይርዳው። «መጫኛ አናቱ ላይ አስረን እንጎትታለን። በአንድ ቀን ይወድቃል።»

ሁሉም ጥሩ ነው አለ። እኔም ጥሩ ነው አልኩ። አያ ቸኮል ከሰዉ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጭቃ ሹም፣ በሬዎቹ የማን ናቸው?» አለ።

«የእኛው ናቸዋ።»

«ማማው ሲጎተት ወዴት ይወድቃል?»

«ወደሚጎተትበት ነዋ፣ ይኸ ምን ይጠየቃል?»

«በሬዎቹስ ያን ጊዜ ወዴት ናቸው?»

ይርዳው ቀና ብሎ ማማውን አየ። ሌላው ሰው ደግሞ በሬዎቹን በሐሳቡ ማማው ሥር አስተኝቶ ማየት ጀመረ። ሰው ቢሆን ምናልባት እንደፍር ነበር፤ በሬ ስለሆነ ግን ሁሉም አመነታ።

«እንግዲያስ አንተ ታወርደዋለህ?» አለ ይርዳው።

«አወርደዋለሁ። ክረምት ሳይገባ ማረሻም እሠራላችኋለሁ።»

«ዋጋህስ?»

አያ ቸኮል እንደ ልማዱ ቆየ። «ጽዋ» አለ። «የሚካኤል ማኅበር ልግባ። ከእናንተ ጋር ልቀመጥ፣ ተራዬ ሲደርስም ልደግስ።»

ጥይት ቢጠይቅ ይሻለን ነበር።

«ሐዋርያት አሥራ ሁለት ናቸው» አለ ይርዳው በመጨረሻ። «አሥራ ሦስተኛ ማን ልትሆን ነው?»

«ይሁዳ ሲጎድል ማትያስ ገብቶ የለ? አንዳችሁ ስትሞቱ እገባለሁ። እጠብቃለሁ።»

ምስኪን፣ በየዋህነት ነው የተናገረው። አሥራ ሁለታችን ግን ተያየን። አቡነ ዘበሰማያት የጀመረም ነበር። ይርዳው በችኮላ «የለም የለም፣ ማንም መሞት የለበትም፣ አሥራ ሦስተኛ ትሆናለህ» አለ። ቀጥሎም ጣቱን ቀሰረ። «ግን ስማ። ሰው ሳይሞት ካወረድኸው ነው። አንድ ሰው ብረት ቢወድቅበት፣ ብረቱ ነው አንልም። አንተ በላኸው እንላለን።»

«ይሁን» አለ አያ ቸኮል።

ማታ ሲነግራት ሚስቱ ሳቀችበት፤ ስሟ እማማ ጥሩ ነው። «ሃያ ሰው ብረት ላይ አስወጥተህ ማንም አይሞትም ብለህ ማልህ? አንተ እኮ አንዲት ዶሮ ከጭልፊት ማዳን ያቃተህ ሰው ነህ» አለችው። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ በሚስቱ መተረብ ደስ ይለው ነበር።

ሥራው ሲጀመር መሣቂያ ሆንን። ብረት እናወርዳለን ብለን የመጣን ሰዎች አምስት ቀን ሙሉ ድንጋይ አወረድን። ከላይ ያለው ሣጥን ጣልያን በጫነው ድንጋይ ሞልቶ ነበርና አያ ቸኮል አንድ በአንድ በቅርጫት አስወረደን። «ድንጋይ ቸግሯችሁ ነው?» እያሉ የሚያልፉ ሴቶች ይስቁብናል። ቀጥሎ ደግሞ ናፍታ የነበረባቸውን ባዶ በርሜሎች ከወንዝ ውኃ እያስቀዳ እስከ አፋቸው አስሞላቸው። ባዶ የመሰለው በርሜል ውስጥ የማይታይ ነገር አለ፣ እሳት ሲሸተው ይነሳል ይላል። «ቸኮል በርሜል ጠበል ያጠጣል» ተባለ። እኔ በሀፍረት ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናነብኩ።

አያ ቸኮል ጠዋት ጠዋት ማማው ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የማማውን እግር በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። ጭነት ያለበት ብረትና ጭነት የሌለበት ብረት ድምፃቸው ለየቅል ነው ይላል። ቀጥሎ እኛን አሰልፎ «እጃችሁን» ይላል። አሥር አሥሩን ጣት ይቆጥራል። ማታም ይቆጥራል። አንድ ቀን «አያ ቸኮል፣ ከጠዋቱ የጎደለ አለ?» ብለው «ያንተ ምላስ ረዝሟል» አለኝ። አንድ ነገር በመጫኛ ተንጠልጥሎ ሳለ ከአንድ ሰው በቀር መናገር ክልክል ነው። ከተንጠለጠለ ነገር ሥር ማለፍማ እናትህ ብትጠራህ አይፈቀድም። የሣጥኑን ክዳን ስናወርድ ከሥሩ ያለፈ አንድ ጎረምሳ ነበር። አያ ቸኮል አልተቆጣውም። አጠገቡ አስቀምጦ እስኪመሽ ድረስ ዝም ብሎ አየው። ልጁ ማታ ትኩሳት ይዞት አደረ፤ ከዚያ ወዲያ በማማው አምስት መቶ ክንድ ዙሪያ አልታየም።

ከሠላሳ ወደ ታች እየቆጠርን ማርቆስን አወረድን፣ ባለወልድን አወረድን፣ አማኑኤልን፣ መድኃኔዓለምን። ስሞቹ ግን ጣጣ አመጡ። የዛገ ብሎን አልፈታ ሲል ሰዉ በመዶሻ መምታት ይፈልጋል፤ መድኃኔዓለምን በመዶሻ የሚመታ ማን ነው? መዶሻውን ያነሱ ሰዎች ሲያስቡት መልሰው ያስቀምጡታል። አያ ቸኮል ለዚህ መልስ ነበረው። «አይመታም፣ ይለመናል» ይላል። ብሎኑን ሞራ ቀብቶ ያሳድረዋል፤ በማግስቱ በመፍቻ ሲይዘው እንደ ቅቤ ይዞራል። ሥራው ትክክል ነበር፤ ሰዎቹ ግን ታቦቱ ፈቀደ ብለው ነበር የሚያምኑት። እሱም አላረማቸውም። እኔ ግን በመዘግየቱ ቆሽቴ ያርር ነበር። በቀን አንድ ብረት፣ አንዳንዴም በሁለት ቀን። ክረምት ሊገባ ነው፣ ጣልያን ሊመለስ ነው፣ ቸኮል ሞራ ይቀባል።

እንዲህ ስንል ማርያም ላይ ደረስን። ሃያ አንደኛዋ ብረት ናት፤ አግድም የተኛች ወፍራም ዘንግ። ከማውረዳችን በፊት አያ ቸኮል ሁላችንንም ጠርቶ አሳየን። «ይቺ ሁለቱን እግሮች ወደ ውጭ ትገፋለች» አለ። «ከሥሯ ያለው ሃያኛው፣ ሕንጸታ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ ስቦ ይይዛል። ሁለቱ አብረው እስካሉ ሰላም ነው። ማርያም ቀድማ ትወርዳለች። ሕንጸታ አይቀድማትም።» ቀጥሎም ብሎኖቿን ሞራ ቀባ። በማግስቱ የግንቦት ማርያም ስለሆነ ሥራ የለም ብሎ አሰናበተን። እሱም የከሰል እንጨቱ ወደተዳፈነበት ወደ ቆላው ወረደ።

በበዓሉ ጠዋት ከማርቆስ የመጣ መንገደኛ ጣልያን መኪና እየጫነ ነው፣ ወደ ደጀን ሊወርድ ነው የሚል ወሬ ይዞ ደረሰ። ይርዳው ተሸበረ። ጣልያን መጥቶ ማማው ተበልቶ ቢያገኘው የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ማረሻም ሳይሠራ የተዘራገፈው ብረት ሊወሰድ ነው። ሰዉን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አሰባስቦ ማማው ሥር አመጣን።

«ዛሬ ያለውን አውርደን በየቤታችን እንሸሽግ» አለ።

«በማርያም ቀን እንዴት ይሠራል?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቅኔ ቤት የነበርኩ እኔ ነኛ። ሰው ሲጠይቀኝ አላውቅም ማለት አልወድም፤ ይህ እስካሁን አለቀቀኝም።

«ጠላት እየመጣ ነው፤ ችግር ሕግ ይሽራል» አልኩ። ጥቂት አሰብኩና ጨመርኩ። «ግን ማርያም የተባለችውን ብረት አንንካ። እሷን በክብር እንለፋትና የሚቀጥለውን እንፍታ። እንዲህ ከሆነ በዓሉን አልሻርንም።»

ሁሉም አደነቀኝ። ይርዳው ሳይቀር ትምህርት ጥሩ ነው አለ። አያ ቸኮል ትናንት የተናገረው ለምን ትዝ እንዳላለኝ ዛሬም ድረስ አላውቅም። ትዝ ብሎኝ ይሆናል፤ ግን የእኔ ፍርድ አምሮኝ ነበር።

መሰላል ተደግፌ ወጣሁና ከሌላ ሰው ጋር ሆኜ ሕንጸታን ፈታሁ። መቼም በዚያ ቀን ብሎኖቹ ያለ ሞራ ተፈቱ። ብረቱን በመጫኛ ዝቅ ስናደርግ ማኅበርተኞቹ እነ ይርዳው ከሥር ሆነው ተቀበሉት፤ ሰዉ ቀድሞ እጁን ጭኖ ያ ብረት የኔ ነው ለማለት ይሽቀዳደም ነበርና ሁሉም ከሥር ነው። ብረቱ መሬት እንደነካ ማማው አቃሰተ። ረዥም፣ ቀጭን ድምፅ ነበር። ማርያም የተባለችው ብረት ብቻዋን እግሮቹን ገፍታ ስትለያያቸው እኮ ነው።

ከሥር ያሉት ግን «እመቤቴ ድምፅ አሰማች» አሉ። አንዲት አሮጊት እልል አለች። አሥራ አንዱ ማኅበርተኛ፣ ከዚያም ቀሪው ሰው፣ ማማው ሥር ተንበርክኮ መሬት መሳም ጀመረ። እኔ ከመሰላሉ ላይ ሆኜ መንጋጋው በተቀመጠበት ሲያዘነብል አየሁ። ልጮህ ሲገባኝ መውረድ ጀመርኩ። መሰላሉን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም፤ ራሴን ያገኘሁት ከማማው ርቄ ቆሜ ነው።

በዚህ ጊዜ አያ ቸኮል ከሰሉን ተሸክሞ ከቆላው ብቅ አለ። ያን ሰው ሲሮጥ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ከሥሩ ውጡ» አለ። «ሊወድቅ ነው፣ ውጡ።»

ማንም አልተነሳም። ይርዳው ከተንበረከከበት ቀና ብሎ «ሂድ ወዲያ። በእመቤታችን ቀን አንተ ነህ የምታዘን?» አለው። ማማው እንደገና አቃሰተ፤ እልልታውም እንደገና ቀለጠ።

አያ ቸኮል ከሰሉን ከትከሻው ጣለ። ሰዎቹን አየ፣ ማማውን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስብ የሚናገር መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ አስቦ ነው። ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ።

«እኔ ቡዳ ነኝ» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም። «የማልሁት በውሸት ነው። እዚህ የተንበረከከውን ሁሉ ዛሬ እበላለሁ። ይርዳው፣ ካንተ እጀምራለሁ።»

ቅንድብ የሌላቸውን ዓይኖቹን አፍጥጦ ወደ መሐላቸው ሄደ። እንዲህ ያለ ሩጫ አይቼ አላውቅም። የጉልበት ሕመም አለብኝ እያለ ለቅሶ የማይደርሰው ይርዳው አጥሩን ዘሎ ከሁሉ ቀደመ። እልል ያለችው አሮጊት ነጠላዋን ጥላ በረረች። በአንድ አፍታ ማማው ሥር ከእሱ በቀር ማንም አልቀረም። እሱም ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ያን ጊዜ የማማው እግሮች ተከፈቱና መንጋጋው ሰዎቹ በተንበረከኩበት መሬት ላይ ወረደ። መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ፤ አቧራው ኮረብታውን ሸፈነው።

አቧራው ሲጠራ አያ ቸኮል ከወደቀው ብረት አጠገብ ቆሞ በሩቁ እየቆጠረን ነበር። በጣቱ እያንዳንዳችንን ይጠቁማል፤ የተጠቆመው ሁሉ ፊቱን ይሸፍናል። ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ከሰሉን መልቀም ጀመረ።

ወሬው ወሬ ሆኖ ቀረ፤ ጣልያን ያን ሰሞን አልመጣም። አያ ቸኮል የቀረውን ብረት ብቻውን ፈታው፤ የሚረዳው ጠፍቶ ነበር። ቀን ከቀን ወናፉ ሲነፋ ይሰማ ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት በየቤቱ ደጅ አዲስ ማረሻ ተቀምጦ ተገኘ፤ ወደ ውስጥ እንዲገባ የሚፈልግ ስላልነበረ ደጅ እያስቀመጠ ይሄዳል። ያን ዓመት ጥሩ አረስን።

ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ ማኅበሩ በይርዳው ቤት ተሰበሰበ። እኔ ነገሩን አነሳሁ። ቃል ገብተንለታል፣ ሰውም አልሞተም አልኩ።

«ከአፉ ሰማን እኮ» አለ ይርዳው። «እኛ አልን እንዴ? ራሱ ነው ያለው።»

«እናንተን ለማዳን ነው ያለው። መንጋጋው የት እንደወደቀ አይታችኋል።»

«ያዳነችን እመቤቴ ናት» አለ። ከዚያ ትክ ብሎ አየኝ። «አንተስ? ካላመንኸው ያን ዕለት ለምን ሮጥህ? አንተ ያን ጊዜ ከመሰላሉ ወርደህ ከማማው ርቀህ ነበር፤ ብረቱ አይደርስብህም። ታዲያ ከምን ነው የሸሸኸው?»

ጽዋው ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ፤ ጠጣሁና ለቀጣዩ አሳለፍኩ። ይርዳው ብዙ ነገር ይሳሳታል፤ በዚህ ግን አልተሳሳተም። የሮጥኩት ብረቱን ፈርቼ አልነበረም።

ጣልያን ከአገር ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም ማርቆስ ገብቼ አንድ ቀን አገር ቤት ስመለስ ምሳር ላስል ብዬ አያ ቸኮል ቤት ሄድኩ። ሸምግሏል፤ እጁ ግን እንዳለ ነው። ሚስቱ እማማ ጥሩ በዋንጫ ጠላ ቀድታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ። ስለ ማማው እያነሳን ስንስቅ ቆየን፤ የይርዳውን ሩጫ ተነስቶ ሠርቶ አሳየኝና እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። በመጨረሻ ለብዙ ጊዜ በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅሁት።

«አያ ቸኮል፣ ያን ዕለት ያን ቃል ባትናገር ኖሮ ማኅበሩ ይቀበልህ ነበር። አይቆጭህም?»

ምሳሬን ከፍሙ አውጥቶ አገላብጦ አየው፤ መልሶ ከተተው። መልሱን ስጠብቅ ወናፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነፋ።

«አስቤበታለሁ» አለ። «ዝም ብል ኖሮ ቦታ አገኝ ነበር። ግን መሪጌታ፣ ማኅበርተኞቹ በሙሉ እዚያው ነበራችሁ። ከማን ጋር ልጠጣው ነበር?»

እየሳቀ ነበር የተናገረው። እኔ ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ምሳሬ ሲያልቅ ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ጠላው እንደተቀዳ ዋንጫው ውስጥ ነበር።